ስለ አዲስ አበባ ቡና ቆዪዎች

ማንኛዋም የቤት እመቤት በብረት ምጣዷ ላይ ቡና በምትቆላበት ከተማ ውስጥ፣ ቡና ቆልቶ መሸጥን ብቻ ሙያዬ ብሎ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ መነሣቱ፣ ከመነሣቱም አልፎ መበልጸጉ፣ ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው እጅግ የሚያስገርም ነው። በሌላው ዓለም ቡና ቆዪ የሚከበረው ሕዝቡ የማያውቀውን ጥበብ በማወቁ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ደንበኛው፣ ይልቁንም የደንበኛው እናት፣ የፍሬውን መልክ አይታ፣ ጢሱንም አሽትታ፣ ቡናው መቼ ከእሳት መውረድ እንዳለበት ከነጋዴው ባልተናነሰ ታውቃለች። ይህም ሆኖ የቡና መቁያዎችና ካፌዎች ከፒያሳ እስከ ቦሌ፣ ከመርካቶ እስከ ሳሪስ ተዘርግተው፣ ከጀበናውና ከረከቦቱ ጋራ ሳይጣሉ ይኖራሉ።

ሁለቱ እንዴት ሊስማሙ እንደ ቻሉ ከመናገሬ በፊት፣ ስለ ጥንተ ነገሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቡና መጠጣት ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የመላው ኢትዮጵያ ልማድ እንደ ሆነ አድርገን መናገር እንወዳለን። ለካፋ፣ ለጅማና ለሐረር ሰው ይህ እውነት ነው፤ ለደጋው ክርስቲያን ግን እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ድረስ ቡና የሙስሊሞች መጠጥ ተብሎ በካህናት ዘንድ እንደ ጸያፍ ይቆጠር ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ አሳብ ገና ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸው፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ መርዳታቸው ነገሩን እያለዘበው ሄደ። እንግዲህ የዛሬዪቱ የአዲስ አበባ ክርስቲያን እመቤት ከቅዳሴ መልስ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ እጣን አጢሳ፣ አቦልን፣ ቶናንና በረካን በየተራ እየቀዳች የምትፈጽመው ሥርዓት፣ በቤተሰቧ ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት ትውልድ የበለጠ ዕድሜ ላይኖረው ይችላል። ይህን የምለው ሥርዓቱን ለማቃለል አይደለም፤ በዚህ አጭር ዘመን ይህን ያህል ሥር መስደዱ ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስለትም። ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ ስለሚባለው እረኛም ቢሆን፣ ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ሊቅ በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ታሪኩ ሲነገር እረኛው ስም እንኳ የለውም፤ ካልዲ የሚለው ስም ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው።

ከተማይቱ ከጀበናው ጋራ ከተላመደች ብዙም ሳትቆይ፣ ሌላ የቡና አፈላል ከባሕር ማዶ መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣሊያ ወረራ ካስከተለው መከራ ሁሉ ጋራ፣ ፓስታውን፣ ኬክ ቤቱንና በግፊት የሚያፈላውን የቡና መሣሪያ ትቶልን ሄደ። ጠላት ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ሕዝቡ መሣሪያውን አልጣለውም፤ እንደ ወደደው አድርጎ የራሱ አደረገው። በ1953 እ.ኤ.አ. ፒያሳ ላይ የተከፈተው ቶሞካ ስሙን ያገኘው ቶሬፋትሲዮኔ ሞደርና ካፌ ከሚሉት የኢጣሊያንኛ ቃላት ነው፤ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደ ማለት ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ወንበር ስቦ፣ ተደላድሎ ተቀምጦ የሦስት ዙር ጨዋታ አይጠብቅም፤ በረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ፣ ትንሿን ሲኒ በጥቂት ጉንጭ ጨርሶ፣ ወይም ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና አስመዝኖ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የቤቱ ቡና የሚጠይቀው ሰዓትን ነው፤ የካፌው ቡና የሚጠይቀው ደቂቃን። መጣላት ያልቻሉትም ስለዚህ ይመስለኛል፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ አልተመኘም። ቶሞካም በ2015 እ.ኤ.አ. በቶክዮ ከተማ ቅርንጫፍ እስከ መክፈት ደርሷል።

አሁን ወደ መቁላቱ ጥበብ እንግባ፤ የሙያው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ የሚሆን ውሃ በውስጡ ይዟል። እሳት ሲያገኘው በመጀመሪያ አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ ሽታውም የዳቦ ሽታ ይመስላል፤ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ በፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት መውጫ ፈልጎ ፍሬውን እየሰነጠቀ ያንጣጣዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ሁሉን ይወስናሉ። ቆዪው እዚህ ላይ ቶሎ ቢያወርደው የፍሬው ኮምጣጣነትና የአበባ መዓዛው ሳይጠፋ ይቀራል፤ እየቆየ ሲሄድ ምሬቱ ይበረታል፣ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ፍሬውን ያወዛዋል፣ ቡናው የተገኘበትን ምድር የሚያሳውቀውም ጠባይ በእሳቱ ጣዕም ይዋጣል። አንድ ኩንታል ጥሬ ቡና ተቆልቶ ሲወጣ ከ80 እስከ 85 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ የተቆላው ቡና ዋጋ ከጥሬው ለምን እንደሚበልጥ የሚያማርር ሰው ይህን ሊያስብ ይገባዋል።

በቤት ብረት ምጣድ ላይ የተቆላ ቡና አንዱ ፍሬ ከሌላው ጥቂት ይለያል፤ የእጅ ሥራ ነውና። በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ የተቆላው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መልክ አለው። ደግሞም ቡና ከተቆላ በኋላ ለብዙ ቀናት በውስጡ የተፈጠረውን አየር ቀስ በቀስ ሲያወጣ ይሰነብታል፤ ስለዚህ አዋቂ ቆዪ ለማሽን የሚሸጠውን ቡና ጥቂት ቀን ያሳድረዋል፣ አለዚያ ሲኒው አረፋ ብቻ ይሆናል። በጀበና ግን ቡናው እየፈላ አየሩ ተኖ ስለሚወጣ፣ እናቶቻችን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ እዚያው በዚያው ማፍላታቸው ትክክል ነው። ማሽኑ ከከባቢው አየር ዘጠኝ እጥፍ በሚሆን ግፊት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሚሠራውን፣ ጀበናው በትዕግሥት ይሠራዋል። በዚህ ላይ የከተማይቱ ከፍታ ራሱ ያግዛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም የቡና ሊቃውንት ለማፍላት ተስማሚ ነው ከሚሉት ሙቀት ጋራ ይገጥማል።

ካፌዎቹ ያበረከቱት ዐቢይ ነገር ማኪያቶ ነው። ኢጣሊያዊው ማኪያቶ ወተት ጠብ ያለበት ጥቁር ቡና ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ግን በብርጭቆ ውስጥ ወተቱና ቡናው በየመደባቸው ተደራርበው የሚታዩበት፣ ወተቱ የበዛ መጠጥ ነው፤ ጠጪው ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ብሎ ያዝዛል። ሻይና ቡና የተቀላቀሉበት ስፕሪስም በካፌዎቹ ይገኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከእንስሳ የሚገኝ ወተት ይቀርና በአኩሪ አተር የተዘጋጀው የጾም ማኪያቶ ይተካል፤ ቀኖናን ከካፌ ጋራ እንዲህ ያስታረቀ ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም። በየመንገዱ ዳር ደግሞ አንዲት ወጣት በርጩማ ደርድራ፣ ከሰል አቀጣጥላ፣ ጤና አዳም ለወደደ ጤና አዳም ጨምራ የምትሸጠው የጀበና ቡና አለ፤ ከታላላቆቹ ካፌዎች ዋጋው ያነሰ፣ ጣዕሙም ብዙ ጊዜ የበለጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ስለ ቤቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ በየደጃፉ ጀበናቸውን ጥደው ይውሉ ስለ ነበሩት ሴቶች የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ዋናው ነቀፋዬ ግን ሌላ ነው። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራስዋ ትጠጣለች፤ ሆኖም ለብዙ ዘመን ሕጉ ለውጭ ገበያ የተመደበው ደረጃ በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ ለከተማይቱ የሚቀረው ከመልቀሙና ከማበጠሩ የተረፈው ነበር። ጉድለቱን ለመሸፈን ደኅና አድርጎ ማጥቆር የተለመደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ እሳት የበዛበት ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና። መንግሥታችን ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በባዕድ አገር ለማስከበር ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋራ ተከራክሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ስምምነት ላይ ደረሰ፤ በዋና ከተማችን ግን ጠጪው ሲኒውን ሲያነሣ የየት አገር ቡና እንደ ሆነ አይጠይቅም፣ አስተናጋጁም አይነግረውም። የታጠበው ይርጋጨፌ እንደ አበባና እንደ ሎሚ የሚያውደውን፣ በፀሐይ የደረቀው ሐረር የበሰለ ፍሬ የሚመስለውን መዓዛ፣ የቶክዮ ሰው ከእኛ አብልጦ ሲለየው ማየት ያሳፍራል።

ነገሩ መሻሻል ጀምሯል። ካልዲስ የተባለው የካፌዎች ሰንሰለት፣ ምልክቱ አሜሪካዊውን ካፌ ማስታወሱ ባይማርከኝም፣ ወጣቱን በካፌ መቀመጥ አስለምዷል። በጫማ ሥራዋ የታወቀችው ቤተልሔም ጥላሁን የከፈተችው ጋርደን ኦፍ ኮፊ ደግሞ ቡናውን እንደ ቤት ወግ በእጅ አስቆልቶ፣ የመጣበትንም ምድር ለይቶ በማቅረቡ፣ የሁለቱን ልማድ ጋብቻ ከሁሉ አብልጦ ያሳየ ይመስለኛል። ከእነርሱ ወዲህ የተነሡ ትናንሽ ቆዪዎችም አሉ፤ የቀበሌውን ስምና የተቆላበትን ቀን በከረጢቱ ላይ ይጽፋሉ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ቡናዎን ሲገዙ የተፈጨ አይግዙ፤ የተፈጨ ቡና መዓዛው በጥቂት ቀናት ይበናል፣ ምን እንደ ተቀላቀለበትም ለማወቅ አይመችም። ፍሬውን በጥቂቱ እየገዙ፣ በሚያፈሉበት ጊዜ ይፍጩ። ለነጋዴውም ሁለት ጥያቄ ያቅርቡለት፤ ቡናው የየት ነው? መቼስ ተቆላ? መመለስ ያልቻለ እንደ ሆነ ሰላምታ ሰጥተው ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ በአዲስ አበባ የቡና መቁያ ሩቅ አይደለም።