ያውቁ ኖሯል? ቡችላዎ ያመመው ሲመስልዎ

● ውሻ ሲዳሰስ መሞቁ ብቻ ሕመም አይደለም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይልቅ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩ፤ ሮዝ ከሆነ ደግ ምልክት ነው፣ ከነጣ ግን ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

● ቡችላ ከነወስፋቱ ሊወለድ ይችላል፤ እጩ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ይተላለፍበታል። ጎኑ ከስቶ ሆዱ ቢነፋ ጥጋብ አይምሰልዎ። የትል መድኃኒት ከተወለደ በ2ኛው ሳምንት ይጀመራል።

● የትናንሽ ዝርያ ቡችሎች ምግብ ሲዘገይባቸው የደማቸው ስኳር ቶሎ ይወርዳል፤ ይዝላሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። የመጀመሪያው ርዳታ በጎጃም ጓዳ አይጠፋም፦ ጥቂት ማር በጣት ጫፍ ወስደው የቡችላውን ድድ ይቀቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ለወትሮው ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ያብሉት።

● የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላንም ይይዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለውሻም ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባት ግን ይከላከለዋል። ጅጋም ይኑሩ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ቡችላዎ 3 ወር ሲሞላው ያስከትቡት። ያልታወቀ ውሻ ቢነክስዎ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

● ሐሳብ ሲገባዎ መቼ እንደበላ፣ እንዳስመለሰና እንዳስቀመጠው ይጻፉ። ቡችላው አፍ አውጥቶ አይናገርምና ማስታወሻዎ ለሐኪሙ አንደበት ይሆንለታል።