ከአጃቢነት የወጣው ጥቁር ወይን

ጉደር፣ አክሱማይት፣ ከሚላ። አዲስ አበባ ውስጥ ወይን የሚያዝ ሰው ለብዙ ዘመን የጠራው የጠርሙሱን ስም እንጂ የወይኑን ዘር አልነበረም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ያለማውን ወይን «ሪፍት ቫሊ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ሲያወጣ ግን መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚሉ የዘር ስሞች ጠርሙሱ ላይ ታዩ። የዛሬው እንግዳችን የዚያ የሲራ ልጅ ነው፤ አባቱ ዝነኛ፣ እሱ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሌላውን ጋን ሲያጠቁር የኖረ።

አሜሪካኖች ፔቲት ሲራ፣ ፈረንሳዮችና አውስትራሊያውያን ዱሪፍ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፍራንሷ ዱሪፍ የተባለ የፈረንሳይ የዕፅዋት ተመራማሪ ከተክሎቹ መካከል ያገኘው ዲቃላ ነው። እናቱ ፔሉርሳን የምትባል ያን ያህል የማትታወቅ ዘር ናት። አባቱ ሲራ መሆኑ የተረጋገጠው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ እነ ካሮል ሜሬዲት ባደረጉት የዘረ መል ምርመራ ነው።

ፈረንሳዮች መጀመሪያ የወደዱት ቅጠል የሚያደርቀውን የሻጋታ በሽታ ስለሚቋቋም ነበር። ኋላ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ዘለላው ፍሬ ከፍሬ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ዝናብ ከገባበት ቶሎ አይደርቅም፤ ከውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ርጥበት ባለበት አገሩ ተጥሎ፣ ደረቅና ሞቃት በሆነችው ካሊፎርኒያ ኑሮውን አገኘ።

ለምን አጃቢ ሆነ? ምስጢሩ ፍሬው ትንሽ መሆኑ ነው። የቀይ ወይን ቀለም የሚመጣው ከጭማቂው ሳይሆን ከልጣጩ ነው፤ ምላስ የሚያደርቀው ታኒን የተባለው ነገርም የሚገኘው ከልጣጩና ከዘሩ ነው። ፍሬ ባነሰ ቁጥር ልጣጩ ከጭማቂው አንጻር ይበዛል። ፔቲት ሲራ ሲጠመቅ ቀይ ከማለት ይልቅ ጥቁር ነው ማለት ይቀላል፤ ጣዕሙም ብዙ ቆይቶ እንደፈላ ሻይ አፍን ያጨማድዳል። የካሊፎርኒያ ጠማቂዎች ዚንፋንዴል የተባለው ቀይ ወይናቸው ሲሳሳባቸው ከዚህ ጥቂት ጨመር ያደርጉና መልክም አቅምም ይሰጡታል። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ግን ዚንፋንዴል ነው። ከዚያ በፊትማ ጭራሽ «በርገንዲ» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ በርገንዲ የፈረንሳይ አውራጃ መሆኗ ማንንም አላስጨነቀም።

አሜሪካ መጠጥ በሕግ ባገደችበት ከ1920 እስከ 1933 በነበረው ጊዜ እንኳ ይህ ወይን አልጠፋም። ሕጉ ቤተሰብ ለራሱ የሚጠምቀውን በቸልታ ያልፍ ነበርና፣ እንደ እሱ ልጣጩ ጠንካራ የሆነ ፍሬ በባቡር አገር አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ከተሞች ይጫን ነበር።

ስሙ በራሱ ጠርሙስ ላይ የወጣው በካሊፎርኒያዋ ሊቨርሞር በሚገኘው የኮንካነን እርሻ ነው። የ1961 ምርት «ፔቲት ሲራ» ተብሎ በ1964 ለሽያጭ ቀረበ። ሪጅ የተባለው ታዋቂ ጠማቂም በ1970ዎቹ ተከተለ። ይሁንና ወዲያው አልቀናውም፤ ብዙ ገበሬ ነቅሎት ካበርኔና ሻርዶኔ ተከለ፣ እርሻውም ክፉኛ ተመናመነ። በ2002 የዚህ ወይን ወዳጆች ማኅበር አቁመው ስለሱ መወትወት ጀመሩ፤ በዚህ ምዕተ ዓመት ተከላው ዳግም አንሰራርቷል። አውስትራሊያ ውስጥ ሩዘርግለን የተባለው አካባቢ ከ1908 ጀምሮ ይዞታል። እስራኤልም ቀድሞ ለርካሽ ቅልቅል ብቻ ያመርተው የነበረውን ዛሬ ከአሮጌ ተክሎች ለብቻው ጠምቃ በኩራት ትሸጠዋለች።

ለብቻው ለማቆም ታዲያ ጥበብ ይጠይቃል። ልጣጩ ከጭማቂው ጋር የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራሉ፣ ሲጨምቁ ዘሩን እንዳይፈጩት ይጠነቀቃሉ፣ ከዚያም በርሜል ውስጥ ያለዝቡታል። አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ዘር ጠብ ያደርግበታል። በአሜሪካ ሕግ የዘር ስም ለመጻፍ ሰባ አምስት በመቶው ከዚያ ዘር ከሆነ ይበቃልና፣ አጃቢ የነበረው አሁን በተራው ስሙ የማይነገር አጃቢ አለው። ስስ መዓዛ የሚፈልግ ሰው ይለፈው፤ የዚህ ወይን ውበት ክብደቱ ነው። ብላክቤሪ፣ ጥቁር በርበሬ፣ አንዳንዴም ጥቁር ቸኮላት ይሸታል።

እንዲህ ያለውን ወይን በእኛ አካባቢ ለማብቀል መስፈርቱ ደረቅ ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሱዳኗን ካርቱም የሚያህል አይገኝም ነበር። ወይን ለሱዳን ምድር እንግዳ አይደለም፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ንጉሥ ታሃርቃ ከካርቱም በስተሰሜን ባለችው ካዋ ወይን ማስተከሉን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ትቷል። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 መጠጥን በሸሪዓ አግደው የከተማይቱን ጠርሙሶች ዓባይ ውስጥ አስደፉ። ሕጉን ትተን ተክሉን ብቻ ብናይም፣ ወይን ከቀኑ ሙቀት ሌላ የሌሊት ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ካልቀዘቀዘ ኮምጣጣነቱን ያጣል፣ ጭማቂው ልፍስፍስ ይሆናል። ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ያለችው ዝዋይ ሙቀቱንም ቅዝቃዜውንም ይዛለች። እዚያ የካስቴል ችግር ሌላ ነበር፤ ጅብና ጉማሬ እንዳይገቡ እርሻውን በቦይ ማጠር ነበረበት።

ፔቲት ሲራ እጅዎ ከገባ ወይንን በኮካ የመበረዙን ልማድ ለዛሬ ይተዉት። ከመጠጣትዎ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ይክፈቱትና ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው ያናፍሱት። የሚስማማው ከሥጋ ጋር ነው፤ ታኒኑ ከሥጋው ጮማ ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፣ ጮማውንም ከአፍ ያጥባል። ቁርጥም ሆነ ጥብስ ይሆነዋል። ሚጥሚጣው ግን ይቀነስለት፤ ቃጠሎና ታኒን ሲገጥሙ ሁለቱም ይብሳሉ።