ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም? ከሰበር ሰሚ ችሎት ጋር ትውውቅ

«የማይነበብ የአምስት ዳኞች ፊርማ አለበት።» የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ሲወጡ መዝገቡ የሚዘጋው በዚህች መስመር ነው። ፊርማው ባይነበብም ከበላዩ ያለው ይነበባል፦ የመዝገቡ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የዳኞቹ ስም፣ ከዚያ «አመልካች»፣ ከሥሩ «ተጠሪ»። የእኔ ዓይን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ተጠሪ ላይ ነው። አንዳንዴ አጥር የገፋ ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴ ውርስ አላካፍልም ያለ ወንድም። በሌላው ገጽ ደግሞ ክፍለ ከተማ ወይም ጉምሩክ ይሆናል። ቤት የሚያፈርሰው፣ ግብር የሚጥለው መንግሥት እዚያች መስመር ላይ ማዕረጉ ይወልቅና እንደ ጎረቤቱና እንደ ወንድምየው «ተጠሪ» ይባላል። የሕግ የበላይነት የሚሉትን ነገር በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው እዚህ ይየው።

ዛሬ «ሰበር» ሲባል ብዙ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ለዜና ነው። የችሎቱ ሰበር ግን ከዚያ ይቀድማል። ፈረንሳዮች የዚህ ዓይነቱን ፍርድ ቤት የሚጠሩበት ስም «መስበር» ከሚለው ግሳቸው የወጣ ነው፤ የእኛም ስም ያንኑ ይላል። የሚሰበረው የተሳሳተው ፍርድ እንጂ ተከራካሪው አይደለም፤ ምንም እንኳ እዚያ እስኪደርስ ብዙው ተከራካሪ ወገቡ ቢጎብጥም።

ብዙ ሰው ሰበርን ሌላ ይግባኝ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ምስክሩ ዋሽቷል ወይስ እውነት ተናግሯል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው ክርክር የሥር ፍርድ ቤቶችና የይግባኝ ሰሚው ሥራ ነው፤ እዚያው ያልቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ንዑስ አንቀጽ 3 ለሰበር የሰጠው ሥልጣን የመጨረሻ ፍርድ ባገኘ ጉዳይ ላይ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ተፈጽሞ እንደሆነ ማየት ብቻ ነው። አቤቱታውን መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያጣሩታል። መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም»። ከገጠር ተነስቶ፣ በሬውን ሸጦ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ቀጠሮ ለሚጠብቅ ሰው የዚያች ቃል ክብደት አይነገርም። «ያስቀርባል» ከተባለ ተጠሪው መልስ እንዲሰጥ ይጠራል፤ ጉዳዩም ከአምስት የማያንሱ ዳኞች ፊት ይቀርባል። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ዕድል የሚወስነው «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» የሚለው ሐረግ በአዋጅ ዝርዝር ትርጉም ያገኘው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ነው። እስከዚያ ድረስ ዳኞቹ መዝገብ በመዝገብ እየለኩ ነበር የሚሰፉት።

ልኬቱ ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለማየት መዝገብ ቁጥር 23632ን ማንበብ ይበቃል። የተወሰነው በ2000 ዓ.ም. ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ወስዳ አሳደገችው፤ ከዓመታት በኋላ አባት መጣና ሞግዚትነቱ ይገባኛል አለ። የያኔው የደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ገለጡ። ሕጉ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሌላው ሞግዚት ይሆናል ይላል፤ ስለዚህ ለአባት ፈረዱ። ቃል በቃል ከታየ ስህተት የለበትም። አክስት ግን እስከ ሰበር ዘለቀች። ሰበር ያየው ሌላውን ገጽ ነው፦ ሕጻናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕጻኑ ደኅንነት መቅደም አለበት የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የሕጻናት መብቶች ስምምነት። ለዓመታት ዘወር ብሎ ላላየው አባት ልጁን መስጠት ለልጁ አይበጀውም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ልጁ አክስቱ ዘንድ ቀረ።

ያ ውሳኔ ያንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 454፣ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም ከፌዴራል እስከ ወረዳ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። አንድ ቦታ ለአንዲት አክስት የተባለው ሌላ ቦታ ለሌላዋ ይባላል ማለት ነው። ቅሬታም አለ። ክልሎች የራሳቸው ሰበር አላቸው፤ የክልሉ ሰበር የቋጨውን የፌዴራሉ ሲፈታው «ሰበር በሰበር» እያሉ የሕግ ሰዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ችሎቱ ራሱም ሐሳቡን ይቀይራል፤ አሁን ግን የቀድሞ ትርጉሙን ለመለወጥ ቢያንስ ሰባት ዳኞች መቀመጥ አለባቸው። ልክ ነው እላለሁ። ሰው ቤት የሚገዛውም ውል የሚፈርመውም የትናንቱ ትርጉም ነገም ይኖራል ብሎ ነው።

በንጉሡ ዘመን የመጨረሻው አቤቱታ ወደ ዙፋን ችሎት ነበር። ተበዳይ «አቤት!» ይላል፣ ንጉሡ ይሰማሉ። ደግ ንጉሥ ጥሩ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን በንጉሡ ውሎ ላይ ያድራል። በ1980 ዓ.ም. በደርግ ማብቂያ ላይ በአዋጅ የተቋቋመው ሰበር ችሎት ከዚያ የሚለየው በዚህ ነው፦ ፈራጁ ምክንያቱን በጽሑፍ ያኖራል፣ ያልተስማማ ዳኛ ካለም «የሐሳብ ልዩነት» ብሎ ከሥር ያሰፍራል።

ፍርድ ቤት ግን ከምክንያቱ በቀር ጦር የለውም። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩትን የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። በዚያው ሰሞን በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ የአዋጅ ማሻሻያ ወጣ፤ አቶ ስዬም ስድስት ዓመት ታሰሩ። ዳኛዋ ከዓመታት በኋላ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የ2013ቱን ምርጫ መርተዋል። እኔ ስለ ዴሞክራሲ ሲወራ ከምርጫው ይልቅ ያቺ የዋስትና ትእዛዝ ትመጣብኛለች። ድምፅ የሚሰጠው በአምስት ዓመት አንዴ ነው፤ የታሰረ ሰው ዘመድ ግን ፍርድ ቤት የሚመላለሰው በየቀጠሮው ነው።

ሌላም ወሰን አለ። አንድ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ መጨረሻውን የሚወስነው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች እንጂ ዳኞች አይደሉም። የሰበርን ውሳኔ እንኳ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሊሽር ይችላል፤ ሽሮም ያውቃል። ይህ አሠራር ይበጃል የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ለአንዱ የተሰጠ ዳኝነት የተጠሪን የመንግሥትነት ማዕረግ ማውለቅ ይከብደዋል ባይ ነኝ።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ተረቱ፤ በፍርድ ያጣት በቅሎ ሳትሆን ያለ ፍርድ የተነጠቃት ጭብጦ ነች የምታንገበግበው። በቅሎዋ በምን ምክንያት እንደሄደች ማወቅ ለሚፈልግ የሰበር ቅጾች ያለ ክፍያ ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ጉዳይ ያለው አንባቢ ጠበቃ ከመያዙ በፊት እንደርሱ ያለ ክርክር ተወስኖ እንደሆነ እዚያ ይፈልግ፤ ሲያገኝም የመዝገቡን ቁጥር ጽፎ ይያዝ።