ሬጅስትሪ ክሊነር ኮምፒውተር ያፈጥናል? ተረቱና እውነታው

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «ሬጅስትሪውን አጽዳው» የሚል ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮግራም ሬጅስትሪ ክሊነር ይባላል። በጅቡቲ ከተማ ይህ ምክር ሰሚ አያጣም። የኢትዮጵያን ገቢና ወጪ ዕቃ በሚያስተናግዱ የትራንዚት ቢሮዎች፣ በየሰፈሩ ባሉ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤቶች፣ በተማሪዎችም እጅ ዕድሜ የጠገበ ማሽን መኖሩ አይገርምም፤ አዲስ መግዛት ለሁሉም አይቻልምና። በዚያ ላይ ማሽኑ በፈረንሳይኛ ከሆነና ባለቤቱ ፈረንሳይኛ እንደ ልቡ የማያነብ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ክሊነሩ ስክሪኑ ላይ ከሚያመጣው ማስጠንቀቂያ የሚገባው ቀዩ ቀለምና ቁጥሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። «በመቶዎች የሚቆጠሩ ስህተቶች ተገኝተዋል» የሚል መልእክትና «ሁሉንም አስተካክል» የሚል ቁልፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጅ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። ቁልፉን ከመጫን በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይህ ፕሮግራም የሚያተርፈው ከሚያሰጋው ይበልጣል? መልሱ አይበልጥም ነው። ጥቅሙ ከቁጥር የማይገባ፣ ጉዳቱ ደግሞ አልፎ አልፎ ቢከሰትም ሲከሰት ከባድ ነው። አምስቱን የተለመዱ እምነቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ ሬጅስትሪ ሲሞላ ኮምፒውተር ይዘገያል

ሬጅስትሪ ዊንዶውስ የራሱንና የፕሮግራሞችን ቅንብር የሚያስቀምጥበት የመረጃ ቋት ነው። የትኛው ፕሪንተር እንደተገጠመ፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት፣ ማሽኑ ሲበራ ምን ምን አብሮ እንደሚነሣ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ቀድሞ ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን በየራሳቸው የጽሑፍ ፋይል ይይዙ ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 በዊንዶውስ 3.1 በውስን መልኩ፣ በ1995 ደግሞ በዊንዶውስ 95 በስፋት ወደ አንድ ቦታ አመጣው። ፕሮግራም ሲራገፍ አንዳንድ መስመሮች እዚያው እንደሚቀሩ እውነት ነው፤ ተረቱም የበቀለው ከዚህ እውነት ላይ ነው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ ያዘገያል» በሚለው ድምዳሜ ላይ ነው። ዊንዶውስ አንድ ቅንብር ሲፈልግ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ ስሙን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ቦታው ይሄዳል። በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ተርሚናል አንድ ኮንቴይነር የሚወጣው በቁጥሩና በተደረደረበት ቦታ ተፈልጎ ነው እንጂ ግቢው ውስጥ ያለው ኮንቴይነር ሁሉ እየተከፈተ አይደለም፤ ሌላ ጥግ ላይ ባዶ ኮንቴይነር መቀመጡ የእርስዎን ዕቃ አያዘገየውም።

ነገሩን በሒሳብ እናስቀምጠው። ክሊነሩ 1,000 ትርፍ መስመሮች አገኘ፣ እያንዳንዱም 200 ባይት ያህል ነው እንበል፤ ድምሩ 200 ኪሎባይት ይሆናል። የሬጅስትሪው መጠን 100 ሜጋባይት ቢሆን የተጠረገው ከመቶ 0.2 እጅ ብቻ ነው። የዊንዶውስን የውስጥ አሠራር በመመርመር ስሙን ያተረፈው ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2005 በዚሁ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ትርፍራፊ መስመሮች በዊንዶውስ የማይቀሩ መሆናቸውን አምኖ፣ ፍጥነት ላይ የሚያመጡት ለውጥ ግን ኢምንት መሆኑን አስረድቷል። «ድሮ ጥቅም ነበረው» የሚል ሰው ፍጹም አልተሳሳተም፤ እስከ ዊንዶውስ 2000 ድረስ ሬጅስትሪው ሊያልፈው የማይችል የመጠን ገደብ ስለነበረበት መሙላቱ አንዳንድ ሰርቨሮችን ያስጨንቅ ነበር። ያ ገደብ በዊንዶውስ ኤክስፒ ተነሥቷል። ምክሩ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም አብሮን ቀረ።

ተረት 2፦ ፕሮግራሙ ያገኘው ሁሉ ስህተት ነው

ክሊነር የሚሠራው በግምት ነው። ዋናው ዘዴው አንድ መስመር የሚጠቁመው ፋይል በቦታው መኖር አለመኖሩን ማየት ነው፤ ካጣው «ስህተት» ብሎ ይቆጥረዋል። አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። በአንድ የትራንዚት ቢሮ ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የሚጋሩት ፎልደር አለ እንበል፤ በየማሽኑ ላይ «ዜድ» የሚል ድራይቭ ሆኖ ይታያል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙም የሚነሣው ከዚያ ነው። ፎልደሩ ያለበት ማሽን ጠፍቶ ሳለ አንዱ ሠራተኛ ክሊነሩን ቢያስነሣ፣ «ዜድ» ስለማይገኝ ወደዚያ የሚጠቁመው መስመር ሁሉ «የጎደለ ፋይል» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሠራተኛው ሁሉንም አጥፍቶ ይሄዳል። በማግስቱ ማሽኑ ሲበራ ፎልደሩ ይመለሳል፤ የተሰረዙት መስመሮች ግን አይመለሱም፣ ፕሮግራሙም አልነሣም ይላል። ተነቅሎ በተቀመጠ የውጭ ሃርድ ዲስክም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ባዶ የሚመስሉ መስመሮች አሉ፤ አንዳንድ ፕሮግራም የሚያየው መስመሩ መኖር አለመኖሩን ብቻ ስለሆነ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አዲስ በተጫነና ገና ማንም ባልነካው ዊንዶውስ ላይ እንኳ ክሊነሮች «ስህተት» ማግኘታቸው ቁጥሩ ምን ያህል እንደማያስተማምን በቂ ማስረጃ ነው።

ቁጥሩ የሚበዛበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የሚሸጠው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ «ሬጅስትሪ ክሊነር ኤክስፒ» የተባለውን ፕሮግራም ሻጮች ከሷል። ክሱ እንደሚለው፣ በሰዎች ስክሪን ላይ የሬጅስትሪ ብልሽት ደርሷል የሚል የሐሰት ማስጠንቀቂያ እየላኩ መድኃኒቱን በ39.95 ዶላር ይሸጡ ነበር፤ በጅቡቲ ፍራንክ 7,100 ያህል ማለት ነው። በ2019 ደግሞ ኦፊስ ዲፖና ሰፖርት ዶት ኮም የተባሉ ድርጅቶች የኮምፒውተር ጤና ምርመራ በሚል ፕሮግራም ደንበኛን አሳስተዋል ተብለው ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር በ35 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን ጨርሰዋል። በኮሚሽኑ ክስ መሠረት ደንበኛው ስለ ማሽኑ ከሚጠየቃቸው አራት ጥያቄዎች አንዱን እንኳ «አዎ» ካለ ውጤቱ «ችግር ተገኝቷል» ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ፍተሻው ለይስሙላ ነበር ማለት ነው። በ2024ም ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ የጥገና ሶፍትዌር ሻጮች በተመሳሳይ ክስ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ክሊነር ሠሪ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚመረምረውም መድኃኒቱን የሚሸጠውም አንድ ሲሆን፣ ምርመራውን በሌላ ማስረጃ ሳያረጋግጡ ማመን አይገባም።

ተረት 3፦ ባክአፕ ስለሚይዝ ጉዳት የለውም

ከመሰረዙ በፊት ባክአፕ ልያዝ ብሎ የሚጠይቅ ክሊነር ከማይጠይቀው ይሻላል። ባክአፑ የሚጠቅመው ግን ዊንዶውስ ሲነሣና ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ነው። የተሰረዘው መስመር ለማስነሻ የሚያስፈልግ ከሆነ ማሽኑ ዴስክቶፕ ላይ አይደርስም፤ ባክአፑም ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው ወዲያው አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፋይል አልከፈት ሲል ወይም አንድ ፕሮግራም ፈቃዱን እንደገና ሲጠይቅ፣ ያን ጽዳት የሚያስታውሰው የለም፤ ጥፋቱ በቫይረስ ይላከካል። ዊንዶውስ ራሱ ያድነኛል የሚለውም ተስፋ ቀንሷል። ቀድሞ ሲስተሙ የሬጅስትሪውን ቅጂ «ሬግባክ» በሚባል ፎልደር በየጊዜው በራሱ ያስቀምጥ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 የ1803 እትም ወዲህ ግን ይህ በነባሪው ቆሟል፣ በፎልደሩ ያሉት ፋይሎችም መጠናቸው ዜሮ ነው። ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶርም ቢሆን በብዙ ማሽኖች ተዘግቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ «ማይክሮሶፍት ራሱ ሬግክሊን የሚባል ማጽጃ ሠርቶ አልነበረም?» ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ሠርቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ይታደል ነበር፣ በኋላ ግን ከስርጭት አወጣው። ዛሬ የኩባንያው አቋም ግልጽ ነው። ሬጅስትሪ ማጽጃዎችን እንደማይደግፍ፣ እነሱ ያደረሱት ብልሽት ሊጠገን እንደሚችል ዋስትና እንደማይሰጥ፣ አንዳንዱ ጉዳት ዊንዶውስን እንደገና እስከ መጫን እንደሚያደርስ በድጋፍ ሰነዱ አስፍሯል። መዝገቡን የፈጠረው ኩባንያ ሞክሮ የተወውን ሥራ ሌላው በአንድ ቁልፍ እሠራዋለሁ ሲል መጠርጠር ተገቢ ነው።

ተረት 4፦ ታዋቂ ከሆነ አስተማማኝ ነው

ከክሊነሮች ሁሉ ስሙ የገነነው ሲክሊነር ነው። ከሠሪው ፒሪፎርም ጋር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በአንቲቫይረስ ኩባንያው በአቫስት ተገዛ። በነሐሴ አጋማሽ የወጣው 5.33 እትሙ ግን ሰርጎ ገቦች ተንኮል አዘል ኮድ የሸሸጉበት ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ የወረደው ከሐሰተኛ ገጽ አልነበረም፤ የኩባንያው ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ ያለበት የራሱ ምርት ነበር። ነገሩ በመስከረም ይፋ ሲሆን የተበከለው እትም 2.27 ሚሊዮን ያህል ማሽኖች ላይ ደርሶ ነበር፤ ሁለተኛው የጥቃት ደረጃ ያነጣጠረው በትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ውስጥ ባሉ 40 ያህል ኮምፒውተሮች ላይ ነበር። ይህ አደጋ በማንኛውም ሶፍትዌር ሊደርስ ይችላል፤ ሲክሊነርም ተስተካክሎ ወጥቷል። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ወደ ማሽኑ እምብርት የሚገባ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ተጨማሪ በር ስለሚከፍት፣ በሩን ለመክፈት የሚያበቃ ጥቅም ሊኖረው ይገባል። በባንክ ካርድ መክፈል የማይችለው ተጠቃሚ በፍላሽ የሚቀባበለው ክራክ የተደረገ «ፕሮ» እትም ደግሞ ይብሳል፤ ማን እንደነካካው አይታወቅምና።

ተረት 5፦ እኔ ተጠቅሜ ፈጥኖልኛል

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ የሚሉት ሰዎችም አይዋሹም። ነገር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች ሬጅስትሪውን ብቻ አይነኩም። በዚያው ጠቅታ ጊዜያዊ ፋይሎችን ይሰርዛሉ፣ የሞላ ዲስክ ያስተነፍሳሉ፣ ማሽኑ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ለማስቆም ያግዛሉ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይጠይቃሉ። ለቀናት ሳይጠፋ የከረመ ማሽንን እንደገና ማስነሣት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ምስጋናውን ግን የሚወስደው ሬጅስትሪው ነው። ጠቃሚውን ክፍል ዊንዶውስ ራሱ በነጻ ይዞታል፤ ስቶሬጅ ሴንስና ዲስክ ክሊንአፕ ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጠፋሉ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ያለው ስታርትአፕ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚነሡትን ያስቆማል። የቀረው የሬጅስትሪ ጽዳት ጥቅሙ የማይለካው ክፍል ነው።

ታዲያ ቀርፋፋው ማሽን ምን ይደረግ?

በጅቡቲ ከተማ ለመንቀራፈፍ ከሬጅስትሪ ይልቅ የሚጠረጠሩ ነገሮች ሞልተዋል። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣው ሙቀት ማሽኑን ያግለዋል፤ ከካምሲን ንፋስ ጋር የሚመጣው አቧራና የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ፋኑ ላይ ይከማቻሉ። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጠዋት ደህና የነበረው ላፕቶፕ ከሰዓት የሚያነክሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ መፍትሔውም ከፍቶ አቧራውን ማጽዳት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረ ፋይል፣ ሬጅስትሪውም ጭምር፣ በእርግጥ ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስ ለዚህ ብሎ ለውጦችን አስቀድሞ በመዝገብ ፋይል ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈውን ብልሽት ግን ትርፍ መስመር የሚለቅም ክሊነር አይጠግነውም። የሚጠቅመው መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚያቀብል ዩፒኤስ ነው። ማሽኑ አሁንም የሚሠራው በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ከሆነ መጨመር ዐይን የሚያየው ለውጥ ያመጣል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ አሮጌ ማሽን የያዘ ሰው ከፍጥነት ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው የደኅንነት ማሻሻያ አለማግኘቱ ነው።

ሬጅስትሪ መቼም አይነካ ማለትም አይደለም። በትክክል ያልተራገፈ አንቲቫይረስ ወይም አልጫን ያለ ፕሮግራም ሲያጋጥም ባለሙያ የታወቀውን መስመር ለታወቀው ችግር፣ አስቀድሞ ቅጂውን ይዞ ያስተካክላል። ጥገናና ጽዳት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፤ ጥገና ምን እንደሚነካና ለምን እንደሚነካ ያውቃል፣ ጅምላ ጽዳት አያውቅም። አሁንም የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ቀላል መፈተኛ አለ። ማሽኑን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍቶ እያበራ ዴስክቶፑ እስኪመጣ የሚፈጀውን ሰከንድ በስልክ ይለካ፤ ከዚያ የስታርትአፕ ፕሮግራሞቹን አስቁሞ እንደገና ይለካ። ለክሊነር ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭም የሬጅስትሪ ጽዳቱን ብቻውን ለይቶ በዚያው መንገድ በሰከንድ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ 7,100 ፍራንኩ ለኤስኤስዲ መግዣ ይቀመጥ።