ጨዋታ ያለበት ለቅሶ

ለአዋቂ ሐዘንተኛ ድንኳን ይተከልለታል፤ እድርተኛው ይመጣል፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠርለታል። ልጁ ግን ጎረቤት ይላካል፤ ብስኩት ይሰጠውና ቴሌቪዥን ይከፈትለታል። «ልጅ አይደል፣ ቶሎ ይረሳል።» አሜሪካ ውስጥ በየሰመሩ የሚከፈቱት የሐዘንተኛ ልጆች ካምፖች የተሠሩት ለዚህ ጎረቤት ለተላከው ልጅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት የሞተባቸው ልጆች ጠዋት ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ይወስዳቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ከሚያዘጋጁት መካከል ሆስፒሶች፣ ማለትም በሞት አፋፍ ያለ ሕመምተኛን የሚያስታምሙ ድርጅቶች ይገኙበታል፤ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍላቸው ሆስፒሶች ሕመምተኛው ካረፈ በኋላም ቤተሰቡን እስከ አንድ ዓመት በሐዘኑ መደገፍ አለባቸው። አዳር ያለውም አለ። ካምፕ ኤሪን በ17 ዓመቷ በጉበት ካንሰር ለሞተች ልጅ መታሰቢያ፣ የቤዝቦል ተጫዋቹ ጄሚ ሞየርና ካረን ሞየር እ.ኤ.አ. በ2002 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የጀመሩት ነው። እኔ በበጎ ፈቃድ የማገለግለው በቀን ካምፕ ነው፤ አድልቼም ይሁን የቀኑ ይበልጥብኛል። ልጁ የዋለበትን ወሬ ማታውኑ ይዞ ይገባል፤ እናትየውም እራት ላይ ትሰማለች።

አሁን ወደ ጨዋታው። ካምፑን የሚጎበኝ ዘመድ ሁሉ ቅር የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ «ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ልደት?» ኳስ አለ፣ ቀለም አለ፣ ውኃ መራጨት አለ። ጠዋት ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዲት ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ የያዛት ልጅ ስሙንና ማን እንደሞተበት ይናገራል፤ ካልፈለገ «ይለፈኝ» ይላል፣ ማንም አይጫነውም። ከዚያ ሩጫ ነው። ልጅ ሐዘኑን እንደ አዋቂ በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ በአቅሙ በጣሳ ያመላልሳል። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው ዱጊ ሴንተር ይህ ስለገባው ግድግዳው በፍራሽ የተለበጠ «የእሳተ ገሞራ ክፍል» አለው። የተናደደ ልጅ እዚያ ገብቶ ይማታል፣ ይወራወራል፣ ይጮኻል፤ ማንም «አርፈህ ተቀመጥ» አይለውም።

ጣሳውን በዓይኔ ያየሁት ልጆቹ የመታሰቢያ ሣጥን ሲቀቡ ነው። አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ የጓደኛው አፍንጫ ላይ በተለጠፈው ሙጫ እየተንከተከተ ነበር። ሳቁን ሳይጨርስ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አባዬ የሞተው እኔ ስለጮህኩበት ነው?» አለኝ።

«አይደለም። አባትህን የገደለው የልብ ሕመም ነው። ጩኸት ሰው አይገድልም።»

«እሺ። ቢጫው ቀለም የታለ?»

በዚህ ዕድሜ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ጥያቄውን ያንን ሁሉ ጊዜ ይዞት ኖሯል። ወንበር ላይ አስቀምጬ «ምን ይሰማሃል?» ብለው ኖሮ «ምንም» ነበር የሚለኝ። እጁ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይኑ ከዓይኔ ሲርቅ ወጣለት። እናትየው ግን ሲስቅ አይታ «ደህና ሆኗል» ብላ በማግስቱ ልታስቀረው ነበር! እባካችሁ፣ የሳቀ ልጅ አታስቀሩብን።

ሌላም አለ። ለቅሶ ልትደርሱ ሄዳችሁ የአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ እየመታችሁ «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» የምትሉ ተዉ። ልጁ ቃላችሁን አምኖ ማታ ማታ በር መቆለፉን ሲፈትሽ ያመሻል። ስለ ሟቹ «ተኝቷል» የምትሉም እንዲሁ፤ ትንንሾቹ መኝታ ይፈራሉ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ዋና ልንሄድ ነው» ብሎ አታልሎ የሚያመጣ ወላጅ ነው። ምዝገባ ላይ ልጁ የሚያውቀው ምን እንደሆነ እንጠይቃለን። «እናትህ ውጭ አገር ሄዳለች» ብላችሁት ከሆነ አትደብቁን፤ ካምፑ ሳይከፈት ደውሉ። አማካሪዎቹ እንዴት እንደምትነግሩት አብረዋችሁ ያስባሉ፤ ስትነግሩት አብረዋችሁ መቀመጥም ይችላሉ። አለበለዚያ ድንጋይዋ ስትዞር አጠገቡ ያለችው ልጅ «እናቴ ሞታለች፤ የአንተስ?» ትለዋለች።