መስኮትና ፀሐይ፦ የቀን ብርሃን በአዲስ አበባ ቤቶች

አንድ መኖሪያ ቤት ቀን ቀን አምፖል ሳይበራበት ለንባብ፣ ለማዕድ ቤት ሥራና ለልጆች ጥናት የሚበቃ ብርሃን ማግኘት አለማግኘቱ በአብዛኛው የሚወሰነው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት፣ ቤቱ በቦታው ላይ ፊቱን ወዴት አዙሮ እንደሚቀመጥ በሚታሰብበት ጊዜ ነው። መስኮት ከብርሃን ጋር ሙቀትንና ዓይን የሚያጥበረብር ነጸብራቅን አብሮ ስለሚያስገባ፣ መስታወት ማብዛት ብቻውን ቤትን ለኑሮ የተመቸ አያደርገውም፤ ዋናው ቁም ነገር ብርሃኑ በየት በኩል፣ በምን ያህል ከፍታና በምን ዓይነት ጥላ ሥር እንደሚገባ ማወቅ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ኬክሮስ ላይ ትገኛለች፤ ኬክሮስ አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ በዲግሪ የሚገለጽበት መለኪያ ነው። በዚህ አቀማመጧ የተነሣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ፣ ከከተማዋ አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት አራት ወር ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ በሰኔ አጋማሽ ግን በሰሜን በኩል እስከ 76 ዲግሪ ትደርሳለች። በሰሜን አውሮፓ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ በኩል ስለማትለይ፣ ትልልቅ መስታወትን ወደ ደቡብ የመደርደር ልማድ ለዚያ አገር ተስማሚ ቢሆንም፣ እንዳለ ተገልብጦ ለአዲስ አበባ ሊሠራ አይችልም።

ለከተማዋ ነዋሪ የሚበጀው ነገር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብልበት ጊዜ አብዛኛው ክረምት፣ ሰማዩም ደመናማ መሆኑ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ደግሞ ፀሐይ በደቡብ የምትውልባቸው መሆናቸው ነው። ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለ መስኮት በብርድ ወራት ሙቀት ያስገባል፤ በሰሜን በኩል ያለው ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ረጋ ያለ፣ ብዙም የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል። ሁለቱንም ለመቆጣጠር ከመስኮቱ በላይ ወደ ውጭ የሚወጣ የጣሪያ ክፈፍ በቂ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በሰኔ እኩለ ቀን በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ከ2 ሜትር በላይ ወደታች የሚወርድ ጥላ ሲጥል፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን በደቡቡ ግድግዳ ላይ የሚጥለው ጥላ ግን 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የብርድ ወራት ፀሐይ ይበልጥ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው የደቡቡን ክፈፍ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢያሳጥረው ጥላው ወደ 47 ሳንቲ ሜትር ይወርድለታል።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን በክፈፍ አይገዙም። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ፣ ከአድማስ 20 ዲግሪ ላይ ስትሆን 60 ሳንቲ ሜትር የወጣው ያው ክፈፍ ከ22 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ጥላ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲዞር፣ የምሥራቁ ጎን የማለዳ ሙቀት ለሚፈለግባቸው የመኝታ ክፍሎች፣ የምዕራቡ ደግሞ ለዕቃ ቤት፣ ለመታጠቢያ ቤትና ለደረጃ እንዲውል፣ በዚያም በኩል ዛፍ እንዲተከል ይመከራል። ይህ ምክር የደጋ ከተማ ምክር መሆኑ መታወቅ አለበት፤ እንደ ድሬዳዋና እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎች በየትኛውም ወር ፀሐይን ወደ ቤት ማስገባት ሳይሆን በጥላ መከላከል ይቀድማል።

ብርሃን ወደ ክፍሉ የሚዘልቅበት ርቀት ከመስኮቱ ስፋት ይልቅ በላይኛው ጠርዙ ከፍታ ይወሰናል። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት በቂ ብርሃን የሚዘልቀው ከወለል እስከ መስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ከፍታ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ጠርዙ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ሳሎን በአንድ ግድግዳ ብቻ መስኮት ቢኖረው ከመስኮቱ የራቀው ወገን ይጨልማል፤ መስኮትን ወደ ኮርኒሱ ከፍ ማድረግ ወይም በሁለት ግድግዳ ላይ ማከፋፈል ጨለማውንም ነጸብራቁንም ይቀንሳል። ባለሙያዎች ውጤቱን የሚለኩት የቀን ብርሃን ንጥጥር በሚባል ስሌት ነው፤ ይህም ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ከውጭው ብርሃን በመቶኛ ስንት እንደሆነ ያሳያል። ውጭው 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ውስጡ 200 ሉክስ ቢሆን ንጥጥሩ 2 በመቶ ይሆናል፤ በክፍሉ አማካይ ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ነዋሪው ቀን ቀን መብራት ማብራቱ አይቀርም።

የጥንቱ የጭቃ ቤትና ጎጆ መስኮት አልባ ወይም ጠባብ መስኮት ያለው የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ መስታወት በሌለበት ዘመን ክፍት ቀዳዳ ብርሃንን ብቻ ሳይሆን ብርድንም ያስገባ ስለነበር ለብርሃን በሩ ይበቃ ነበር። ዛሬ መስታወት ቢኖርም ጨለማው በሌላ መንገድ ተመልሷል፤ ሰርቪስ ቤቶች ከአጥር ጋር ተጣብቀው ሲሠሩ፣ ዋናው ቤትም ከጎረቤት ግድግዳ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ሲርቅ፣ መስኮቱ ሰማይን ሳይሆን ግድግዳን ያያል። ከተቀመጡበት ቦታ ሆነው በመስኮቱ በኩል ሰማይ የማይታያቸው ሰዎች የሚያገኙት ብርሃን ከሌላ ነገር ላይ ነጥሮ የመጣውን ብቻ ስለሆነ፣ ግድግዳንና አጥርን በነጭ ወይም በፈዛዛ ቀለም መቀባት ቀላልና ርካሽ መፍትሔ ይሆናል፤ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ሲመልስ፣ ያልተቀባ ጭቃ ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል።

ተከራይና የኮንዶሚኒየም ነዋሪ መስታወቱን በመወልወል፣ ወፍራሙን መጋረጃ በስስ በመተካትና ኮርኒሱን ነጭ በማድረግ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ፕላኑን ከመፈረሙ በፊት የሰሜን አቅጣጫ ቀስቱን ፈልጎ፣ የታኅሣሥና የሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አርክቴክቱን ይጠይቅ፤ የተበላሸ ቀለም በአንድ ቀን ይታደሳል፣ በተሳሳተ ቦታ የተተወን መስኮት ለማረም ግን ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል።