የቃሊቲ ልጅ በኳስ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች? የነፃ ትምህርት ገበያው ሒሳብ

ቃሊቲ ሲነሳ ነጋዴው ቶሎ የሚያስታውሰው ጉምሩኩን፣ መናኸሪያውንና ከሞጆ መስመር የሚገባውን የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። እዚያ አካባቢ ስለ ብረት፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ጭነት ዋጋ የማያወራ ደላላ የለም፤ ስለ ሴቶች እግር ኳስ የሚያወራ ደላላ ማግኘት ግን ይቸግራል። ይሁንና በክፍለ ከተማው ስም የሚጠራው የአቃቂ ቃሊቲ የሴቶች ቡድን በ2010ሮቹ ዓመታት እስከ ኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ድረስ ዘልቆ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ከመከላከያና ከሀዋሳ ከተማ ጋር ተጫውቷል። የአንድ ክፍለ ከተማ ቡድን ከባንክና ከጦር ሠራዊት ቡድን ጋር በአንድ ሠንጠረዥ መሰለፉ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሴት ልጁ ኳስ የምትወድለት ወላጅ ዛሬ ዛሬ አንድ ወሬ ይሰማል፤ «ልጅቷ ከጎበዘች አሜሪካ በነፃ ትማራለች» የሚል። ወሬው ከሰማይ አልወረደም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ የተወለደችው ናኦሚ ግርማ ኳስ የጀመረችው አባቷ ከሌሎች የአገር ልጆች ጋር ሆኖ ባቋቋመው «ማለዳ» በተባለ የሐበሻ ልጆች ቡድን ነው። ከዚያ ወደ ታወቁ የወጣት ክለቦች ተሻገረች፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዩኒቨርሲቲው ቡድን ጋር የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ሴቶች ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ሳን ዲዬጎ ወሰዳት። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ደግሞ የእንግሊዙ ቼልሲ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ሲገዛት በሴቶች እግር ኳስ ዋጋዋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆነች።

ይህን የሰማ የቃሊቲ አባት ልቡ ቢነሳ አይፈረድበትም። ነጋዴ ግን አንድ ሱቅ አተረፈ ተብሎ መርካቶ በሙሉ አተረፈ አይልም። ለመሆኑ ምርጥ የሚባሉት የወጣት ሊጎች ሴት ልጅን ለነፃ ትምህርት ያበቃሉ ወይ? ካበቁስ በስንት ወጪ? እዚህ አገር ቤት ላለችው ልጅ ደግሞ ይህ ገበያ ክፍት ነው ወይ?

የአሜሪካው ገበያ እንዴት ይሠራል?

መነሻው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የትምህርት ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ሴቶችን ከወንዶች እኩል እንዲያስተናግድ አስገደደ። ኮሌጆች ለወንዶቹ የአሜሪካን ፉትቦል የሚያፈሱትን ገንዘብ በሴቶች በኩል ማመጣጠን ነበረባቸው። እግር ኳስ ብዙ ተጫዋች የሚያሰልፍ፣ ወጪውም መጠነኛ የሆነ ስፖርት በመሆኑ ለዚህ ተመቸ። ዛሬ በአንደኛው ምድብ ብቻ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያላቸው ኮሌጆች ከ300 ይበልጣሉ። ፈላጊው በሕግ የተፈጠረ ስለሆነ ቶሎ የሚጠፋ አይደለም።

ፈላጊ ካለ አቅራቢ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሴቶች ብቻ የተጀመረው የታላላቅ ክለቦች ብሔራዊ ሊግ፣ በ2020 ደግሞ የተከተለው የልጃገረዶች አካዳሚ ሊግ የዚህ ገበያ ዋና ድንኳኖች ናቸው። በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ቅዳሜና እሑዶችን መርጠው በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖችን አንድ ቦታ ይሰበስባሉ፤ የኮሌጅ አሠልጣኞች ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ዳር ይቆማሉ። አንድ አሠልጣኝ አገር ለአገር ከሚዞር በሁለት ቀን ውስጥ የሚፈልጋትን ያያል። በዚህ በኩል ሊጎቹ ይጠቅማሉ፤ ጥቅማቸውም ከመታየት ይመነጫል። የአቃቂ ከብት ነጋዴ በሬውን ግቢው ውስጥ አስሮ ገዢ አይጠብቅም፤ ገበያ ያወጣዋል።

ሆኖም ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው ድንኳኑ ውስጥ መግባት ራሱ ገንዘብ ይጠይቃል። ክፍያው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ሆቴሉ ሲደመር አንድ ቤተሰብ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ይህ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ይቀጥላል። ሁለተኛው ደግሞ «ነፃ ትምህርት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሙሉ ነፃ አለመሆኑ ነው። በአንደኛው ምድብ አንድ የሴቶች ቡድን እስከ 2024/25 የትምህርት ዘመን ድረስ እንዲሰጥ የተፈቀደለት የ14 ተማሪ ሙሉ ወጪ ያህል ነበር። ቡድኑ ግን 25 ወይም 30 ልጆች ስለሚይዝ አሠልጣኙ ያንን ቆራርሶ ያከፋፍለዋል፤ አንዷ ግማሽ፣ ሌላዋ ሩብ፣ ሌላዋ የመጽሐፍ ብቻ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ይህን ጣሪያ አንስቶ በስምምነቱ ለገቡ ኮሌጆች በቡድኑ አባላት ቁጥር፣ ማለትም በ28 ተጫዋች ገደብ ተክቶታል። ጣሪያው ተነሳ ማለት ግን ኮሌጁ ገንዘቡን ያወጣል ማለት አይደለም። በሦስተኛው ምድብ ያሉት ኮሌጆችና እነ ሃርቫርድ፣ እነ ዬል ያሉበት ማኅበር ደግሞ ለስፖርት ብለው የሚሰጡት ገንዘብ ጭራሹኑ የለም።

በዚያ አገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ ከሚጫወቱ 100 ልጃገረዶች አንደኛው ምድብ የሚደርሱት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ሊጉ ጎበዝ ልጅ ፈጠረ ወይስ ጎበዟንና ከፋይ ቤተሰብ ያላትን መርጦ ወሰደ የሚለው ጥያቄም አለ። በትክክል ለሚያሰላ ሰው ብዙው ቤተሰብ ለክለብ የከፈለውን ገንዘብ ባንክ ቢያስቀምጠው ኖሮ ከሚያገኘው ቅናሽ አይተናነስም። ወላጆቹ ይህን አያውቁም ማለት ያስቸግራል፤ ልጄ ትጫወት፣ ትደሰት፣ ከጥሩ ኮሌጅ አሠልጣኝ ጋር ትተዋወቅ ብሎ መክፈልም የራሱ ዋጋ አለው።

የአገር ቤቱ ሒሳብ ሌላ ነው

አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ወንበር የሚገኘው በገንዘብ በመሆኑ ኳስ የዋጋ ቅናሽ ታስገኛለች። ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወንበር ዋነኛ ዋጋው ብር ሳይሆን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ተማሪው ወጪውን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ ይከፍላል። ስለዚህ ኳስ የምትቀንሰው ክፍያ በሩ ላይ የለም።

በሩ ግን ጠባብ ሆኗል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ናቸው። ግብ አግቢነት በዚህ ውጤት ላይ አንድ ነጥብ አይጨምርም። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል እንኳ የሚገባው በዚሁ በር ነው።

እንዲያውም ኳሱ ሊቀንስ ይችላል። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ በተለይ ከኮቪድ ወዲህ ቡድኖች አንድ ከተማ ተሰባስበው ጨዋታቸውን በሚያደርጉበት መንገድ ሲካሄድ ቆይቷል። ለፌዴሬሽኑ ወጪ ይቆጥባል። የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለሆነች ተጫዋች ግን ለሳምንታት ሀዋሳ ወይም አዳማ ሆቴል ተቀምጣ ከክፍል መቅረት ማለት ነው። ቃሊቲ ያለ መምህር ሒሳብና ፊዚክስ አዳማ ድረስ አይልክላትም።

ታዲያ ኳስ እዚህ አገር ምን ታስገኛለች? ደመወዝ። ለሴት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የማታ ወይም የግል ኮሌጅ ክፍያ ከዚያ ሊወጣ ይችላል። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ አበራ መንገድ ይህን ያሳያል። በሀዋሳ ከተማና በደደቢት ተጫውታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለማልታው ቢርኪርካራ ፈርማ፣ ተመልሳ ንግድ ባንክን አገልግላ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋሽንግተን ወደሚገኘው ዲሲ ፓወር አመራች። አሜሪካ የገባችው በተማሪነት ሳይሆን በባለሙያ ተጫዋችነት ነው። ናኦሚ በትምህርት በኩል ወደ ደመወዝ ሄደች፤ ሎዛ በቀጥታ ወደ ደመወዝ። ሁለቱን መንገድ አንድ አድርጎ የሚሸጥ ደላላ ካለ ጠንቀቅ ማለት ይበጃል።

እንዲያ የሚያሰኘው አንድ ብዙ ሰው የማያጤነው ጉዳይ ስላለ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ማኅበር ከውጭ የምትመጣን ተጫዋች «አማተር» ነበረች ወይ ብሎ ይመረምራል። አገር ቤት ለክለብ ፈርማ ከወጪዋ በላይ ደመወዝ የበላች ልጅ በኮሌጅ የመጫወት መብቷ ሊቆረጥባት ይችላል። ዛሬ የሚከፈላት ጥቂት ሺህ ብር የነገውን በር ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። የ16 ዓመት ልጅና እናቷ ውል ሲፈርሙ ይህን የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው አይገኝም።

መሞከር ለሚፈልግ

ይህም ሆኖ መሞከር የሚፈልግ ቤተሰብ ሒሳቡን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ለተማሪ መመዝገቢያ 350 ዶላርና ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ሁለቱ ብቻ 535 ዶላር ናቸው። የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ የትምህርት ማስረጃ ማስተርጎሚያውና የኮሌጆች ማኅበሩ ምዝገባ ከዚህ ውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ 535ቱ ዶላር 30,500 ብር ያህል ይሆን ነበር። በ150 ብር ሒሳብ ሲታሰብ 80,250 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም።

ኮሌጁ ግማሹን ብቻ ከሸፈነ ደግሞ ቀሪውን የሚከፍል ዘመድ ወይም የባንክ ሒሳብ መኖሩን ካላሳዩ ለቪዛ የሚያስፈልገው ሰነድ አይወጣም። ሒሳቡ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የኮሌጅ አሠልጣኝ ልጅቷን ከፈለጋት በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ለዚያ ብሎ ከወላጅ ገንዘብ አይጠይቅም። «ቦታ ይዤላታለሁ፣ ቅድሚያ ይከፈለኝ» የሚል ሰው የመሬት ደላላ ካርታ ሳያሳይ ቀብድ እንደሚጠይቀው ዓይነት ነው።

ያሠለጠነውስ?

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረሳው ሻጩ ነው። ልጅቷን ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ኳስና ማሊያ ሰጥቶ ያሳደጋት የሰፈር ቡድን ምን ያገኛል? በወንዶች እግር ኳስ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊፋ ለአሠልጣኝ ክለብ የሚከፈል የሥልጠና ካሳ ደንግጓል። ደንቡ ይህ ካሳ በሴቶች እግር ኳስ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ለሴቶችም የሚሠራው «የአጋርነት ድርሻ» የተባለው ብቻ ነው፤ ተጫዋቿ በገንዘብ ከአገር አገር ስትሸጥ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቷ ላሠለጠኗት ይከፋፈላል። በናኦሚ ዋጋ ላይ ሲሰላ ይህ 55 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባሉት አራት ዓመታት ያሳደጋት ክለብ ድርሻው ከዋጋው 1 በመቶ ነው፤ በዚሁ ስሌት 11 ሺህ ዶላር። ለአንድ የቃሊቲ ቡድን ይህ ብዙ ዓመት የሚያስኬድ ገንዘብ ነው።

ችግሩ የሴቶች ዝውውር አብዛኛው ውል ሲያልቅ በነፃ የሚፈጸም መሆኑ ነው። ኮሌጅም የዝውውር ዋጋ አይከፍልም። ስለዚህ ወጣት ሴቶችን የሚያሠለጥን ባለሀብት እስካሁን አልተገኘም ብሎ ማማረር ገበያውን አለማየት ነው፤ ትርፍ የሚመለስበት መስመር የለም። ክለቦቹን በአብዛኛው የያዙት የከተማ አስተዳደሮችና የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው፤ በጀት ሲቆረጥም ቡድን ይፈርሳል። የሊጉን ዋንጫ ደጋግሞ ያነሳው ደደቢት እንኳ የሴቶች ቡድኑ አልተረፈለትም። በተቃራኒው ንግድ ባንክ በ2016 ክረምት አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ በቀጣዩ ኅዳር ሞሮኮ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ተሳትፏል። ከኋላው ባንክ አለ።

አንዲት የቃሊቲ ልጅ ነገ ጎልታ ወጥታ ወደ እንዲህ ያለው ትልቅ ክለብ ብትዛወር፣ ዝውውሩ አገር ውስጥ በመሆኑ የፊፋው የአጋርነት ድርሻ አይመለከተውም። ኮሌጅ ብትገባም ዋጋ የለም። በሁለቱም መንገድ ያሳደጋት ቡድን ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ዜሮ ብር ነው።